ጋላቢ ለመሆን የግድ ፈረስ መሆን ያስፈልጋል?

«ለመሆኑ እሱ ራሱ ኳስ ተጫውቶ ያውቃል?»

ይቺን ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ የኳስ ወዳጅ ካለ እጁን ያውጣ። ቡድን በተሸነፈ ማግስት በየካፌው፣ በየታክሲው፣ ጨዋታ በሚታይበት ቤት ሁሉ ትነሳለች። የምትወረወረውም ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ አሰልጣኙ። አጥቂው ባዶ ጎል ሲስት «ቀኑ አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። አሰልጣኙ ሲሸነፍ ግን ቀኑ ይቀርና የሕይወት ታሪኩ ይገለበጣል። የት ተጫወተ? ለየትኛው ትልቅ ክለብ? ስንት ጎል አገባ? መልሱ «እምብዛም» ከሆነ ፍርዱ ያው የታወቀው ነው፤ «ድሮስ!»

እኛ ዛሬ የምንጽፈው ለዚህ «ድሮስ!» መልስ እንዲሆን ነው። መልሳችን የጣሊያኗን ቱስካኒንና የምሥራቅ ጎጃሟን መርጡለ ማርያምን አንድ ላይ ያነሳል። «ደግሞ እነዚህን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉን። ትንሽ ታገሱን፣ እናገናኛቸዋለን።

መጀመሪያ ከቤታችን

እውነቱን ለመናገር፣ አሰልጣኝ የግድ ኮከብ ተጫዋች የነበረ መሆን አለበት የሚለው እምነት ከሜዳ የተነሳ ነው፤ ከባዶ አልመጣም። አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ ስመ ጥር ተጫዋች የነበሩ ሰው ናቸው። አራቱን ጎሎች ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ እንዲሁም መንግሥቱ ወርቁ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥነዋል። አንደኛው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያን ያሳተፈው እሱ ነው። ሁለተኛው የ1954ቱ አምበል ሉቻኖ ነው። አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ በልጅነቱ በመካኒክነት የሠራ፣ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የተጫወተ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ያ አምበል በስደት አገር ልጆችን ኳስ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ጣሊያን አረፈ።

እንግዲህ የዚያ ትውልድ ልጅ «አሰልጣኝ ማለት መንግሥቱ ወርቁ ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሆነውን አለማየታችን ነው።

ከ1974ቱ ውድድር በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአፍሪካ ዋንጫን በቴሌቪዥን ብቻ አየን። በመካከሉ ስም ያላቸው የቀድሞ ተጫዋቾችም አሰለጠኑ፣ ፈረንጆችም መጥተው ሄዱ። በመጨረሻ የመለሰን ማን ነው? ሰውነት ቢሻው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ (ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር፤ ከሜዳ ውጪ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን) የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰኢድ ጎሎች ከተማውን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙትም። በዚያው ዓመት ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ከብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የቀረን አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እሱም በናይጄሪያ ተጠናቀቀ።

ከዚያስ ለሁለተኛ ጊዜ የመለሰን? ውበቱ አባተ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ያደረጉት፣ ፋሲል ከነማን ያሰለጠኑት ውበቱ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈው ወደ ካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ የሚወስደውን በር ከፈቱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ያውም «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረንምና።

ሦስተኛ ሰው እንጨምር፤ አብርሃም መብራቱ። እሳቸው ደግሞ ጦርነት ላይ የነበረችውን የመንን እየመሩ፣ በገዛ አገሯ መጫወት የማትችለውን ቡድን ይዘው፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አሳለፏት። አንድ ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ እስያ ውስጥ ታሪክ ሠራ! ለመሆኑ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሦስቱም ስማቸውን ያገኙት በአሰልጣኝነት ሥራቸው ነው። ልጆች ማሊያቸው ላይ ስማቸውን የሚጽፉላቸው የጎል ኮከቦች አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋውን በር የከፈቱት ግን «ለመሆኑ ተጫውቶ ያውቃል?» ከሚባልባቸው ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው።

የባንክ ሠራተኛው

አሁን ወደ ቱስካኒ እንሻገር። ጥያቄዋ እዚያም አለች፤ እንዲያውም በጣም የታወቀውን መልስ የሰጣት ጣሊያናዊ ነው። አሪጎ ሳኪ ከአማተር ቡድን በላይ ተጫውቶ የማያውቅ፣ በአባቱ የጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኤሲ ሚላንን ሲረከብ ጋዜጠኞች ይቺኑ ጥያቄ አነሱበት። እሱም ጥሩ ጋላቢ ለመሆን መጀመሪያ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ እስከዚያች ቀን እንደማያውቅ መለሰላቸው ይባላል። በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 ደግሞ የአውሮፓን ዋንጫ ደጋግሞ ወሰደ። (ፈረስ ለምታውቁ ጎጃሞች ነገሩን ማብራራት አያስፈልግም። ጉግስ ሜዳ ላይ የሚጨበጨበው ለፈረሱም ለፈረሰኛውም ነው፤ ሙያቸው ግን ለየቅል ነው።)

እኛ ግን ከሳኪ ይልቅ የማውሪዚዮ ሳሪ ሕይወት ያስተምራል እንላለን። የሳኪ መውጣት ፈጣን ነበር፤ የሳሪ ግን ደረጃ በደረጃ ነው። አንዳንዶቻችሁ በቼልሲ ዘመኑ ታውቁታላችሁ፤ ሲጋራ ማጨስ በማይፈቀድበት ሜዳ ጠርዝ ላይ የሲጋራ ቂጥ ሲያኝክ የነበረው ሽማግሌ።

ሳሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ኔፕልስ ተወለደ፤ አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ያደገው ቱስካኒ ነው። በታችኛው እርከን ለሰፈሩ ክለብ ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። የእንጀራ ሥራው ባንክ ነበር፤ ሞንቴ ዴይ ፓስኪ ዲ ሲዬና በሚባለው ጥንታዊ ባንክ። ቀን ባንክ ይውላል፣ ማታ ሜዳ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ስቲያ የምትባል ትንሽ ከተማ ቡድኗን እንዲያሰለጥንላት ያዘችው። ሊጉ «ሴኮንዳ ካቴጎሪያ» ይባላል። ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንዳይመስላችሁ! ከሴሪ ኤ ወደታች ሲቆጠር ስምንተኛው ደረጃ ነው። ከዚያ ሌላ ትንሽ ከተማ፣ ከዚያ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1999፣ አርባ ዓመቱ ላይ፣ ቋሚውን የባንክ ሥራ ለቀቀ። ያለ ክፍያም ቢሆን የሚሠራው ብቸኛ ሥራ ይሄ መሆኑን ኋላ ላይ ተናግሯል።

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር እናውቃለን፤ «አበደ!» የእኛ አገር እናት ብትሆን ደግሞ ጸበል ትወስደው ነበር።

ሳንሶቪኖ የተባለ ቡድን ይዞ ወደ ሴሪ ሲ ሁለት ወጣ። ቀጥሎ ሳንጆቫኔዜን ወደ ሴሪ ሲ አንድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፔስካራ፣ ሴሪ ቢ። «አለፈለት» ስትሉ ደግሞ መውደቅ መጣ፤ ቬሮና አባረረው፣ ፔሩጃ አባረረው፣ ሶሬንቶ አባረረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤምፖሊ ሲቀጥረው ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አጀማመሩም አስከፊ ነበር፤ ቡድኑ ከግርጌ ተቀመጠ። ክለቡ ግን ታገሰው። በዚያው ዓመት ለማደግ እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ፍልሚያ ደረሱ፤ በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. 2014 ሴሪ ኤ ገቡ።

ከስቲያ እስከ ሴሪ ኤ ሃያ አራት ዓመት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ናፖሊን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2017/18 በ91 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቼልሲን ይዞ ባኩ ላይ አርሰናልን 4 ለ 1 ቀጥቶ የዩሮፓ ሊግን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጁቬንቱስን ይዞ በስልሳ አንድ ዓመቱ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ይሄን ዋንጫ በዚህ ዕድሜ የወሰደ አሰልጣኝ ከሱ በፊት አልነበረም። (ጁቬንቱስ ከዋንጫው በኋላ ወዲያው አባረረው። ይሄም የሙያው ጠባይ ነው።)

ሳሪ ዕድለኛ ስለሆነ ነው?

ይሄን ታሪክ አንብቦ «ሕልምህን ተከተል» ብሎ መጨረስ ቀላል ነው። እኛ እንደዚያ አንልም። ሕልማቸውን ተከትለው የትም ያልደረሱ አሰልጣኞች ጣሊያንም ሞልተዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ሳሪ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እግሩን ያሳረፈው ምን ላይ ነው?

አንደኛ፣ ስምንተኛ ደረጃ ላይ እንኳ ውድድር ነበር። መርሐ ግብር ያለው፣ ዳኛ የሚመደብለት፣ ያሸነፈ የሚያድግበት፣ የተሸነፈ የሚወርድበት ሊግ። ስቲያ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ከስቲያ ተነስቶ ወደላይ የሚያወጣ መሰላል አለ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ነበር። ፍሎሬንስ ከተማ አጠገብ ኮቨርቻኖ የሚባል የአሰልጣኞች ማሠልጠኛ አለ። ዓለምን ያስጨበጨበ ኮከብም ሆነ የባንክ ሠራተኛ ትልልቅ ክለቦችን ለማሰልጠን እዚያ ቁጭ ብሎ መማር፣ መፈተን፣ የማሟያ ጽሑፍ ማቅረብ አለበት። እዚያ ቤት «ስንት ጎል አገባህ?» የፈተና ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያየው ሰው ነበር። የሠፈር ጋዜጣ ሳይቀር የታችኛውን ሊግ ይዘግባል። የሳንሶቪኖው ሰውዬ ለቅጣት ምትና ለማዕዘን ምት ስንት ዓይነት ዘዴ እንዳዘጋጀ ወሬው የሚደርሰው ሰው ነበረ። ወሬው ስለደረሰ ቀጣዩ ክለብ ጠራው።

እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ሳሪ ዛሬ ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ጨዋታ የሚያይበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አሰልጣኙን የሚሳደብ። እና ትክክል የሚሆን!

አሁን መርጡለ ማርያም

መርጡለ ማርያምን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ፣ የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ከጥንታዊ ቤተክርስቲያኗ ያገኘች፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ሕንፃ ፍራሽ እስከዛሬ የሚታይባት አገር።

እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማችን እዚያም ኳስ አለ። የካልሲ ኳስ ከቆዳ ኳስ እኩል የሚከበርበት፣ ድንጋይ ጎል የሚሆንበት፣ ክረምት ሲገባ ሜዳው የሚጨቀይበት ኳስ። የልጁ መንገድም እንደየትኛውም ወረዳ ነው። ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ቡድን፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ ምርጥ፣ ከቀናው ደግሞ ዞኑን ወክሎ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር። ከመቶው አንዱ ክለብ ያገኛል። ዘጠና ዘጠኙ አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዓመታቸው ላይ ይደርሱና አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማሉ፤ «አልሆነለትም።»

እኛ የምንጣላው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ምኑ ነው ያልሆነለት? ለመጫወት አልሆነለት ይሆናል። ግን ያ ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ ኳስ ሲያይ፣ ሲያስብ፣ ሲከራከር ኖሯል። ማን የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ፣ ታናናሾቹን ሰብስቦ ቡድን የሚያወጣ፣ ጠብ የሚያበርድ ልጅ ይኖራል፤ በየሰፈሩ አንድ እንደዚህ ያለ አይጠፋም። ሴቶችም አሉ። እስከ አሥረኛ ክፍል ለትምህርት ቤቷ የተጫወተች፣ ከዚያ በኋላ «በቃሽ» የተባለች ልጅ የእህቶቿ አሰልጣኝ የማትሆንበት ምክንያት ምንድነው? ጣሊያን ቢሆን ኖሮ ለእነዚህ ልጆች ስቲያ አለችላቸው። እኛ ጋ የመሰላሉ ላይኛ እርከን አዲስ አበባ ላይ ይታያል፤ የታችኛው ግን የለም።

የታችኛውን እርከን በትከሻው ተሸክሞ የቆመ አንድ ሰው አለ፤ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር። ሜዳ የሚያሰምረው እሱ፣ ኳስ የሚነፋው እሱ፣ የሚዳኘው እሱ፣ ልጁ ሲጎዳ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እሱ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው የመምህርነቱ ደመወዝ ብቻ ነው። ልጁ አድጎ ክለብ ሲገባ «ያገኘነው እኛ ነን» የሚል ብዙ ነው፤ የመምህሩ ስም ግን የትም አይነሳም።

ደግሞ አትርሱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሄም እርከን ይሰበራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ስለ ክፍል ትምህርቱ ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ከክፍሉ ጋር አብሮ የጠፋው ሜዳና በሜዳው ላይ የነበረው ሰው ግን አልተነሳም። አንድ ልጅ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመቱ ያላገኘውን ሥልጠና በሃያ ዓመቱ አያገኘውም። እነዚህ ዓመታት አይመለሱም። ቢያንስ ልጆቹ ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሰው መኖር አለበት።

ኮቨርቻኖ እኛ ጋ ነበረች እኮ!

የሚገርመው፣ ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ለጎጃም ሰው የሚነግረው ጣሊያናዊ አያስፈልገውም። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ይሄ የታወቀ ነው።

ድምፁ ያማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይሆንም። ድምፅ ስጦታ ነው፤ መምህርነት ግን ማስመስከር ይጠይቃል። ድጓ ያስመሰከረ እንዲባል ተማሪው ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይሄዳል፤ ለቅኔ ደግሞ ጎጃም ነው፣ እነዋሸራና እነጎንጅ። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በትምህርቱ ስንቱን አፍርቷል። ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዓመታት ተቀምጦ ይማራል። በመጨረሻ መምህሩ «ይሄ ልጅ ማስተማር ይችላል» ብሎ ሲመሰክርለት ወንበር ይዘረጋል። የኔታን «ለመሆኑ ድምፅዎ ያምራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ከማን ተማሩ? እነማንን አወጡ?

ይሄ ጥያቄ እንዴት ከሜዳችን ጠፋ? የኳስ አሰልጣኝን ለመመዘን ከሁለቱ የተሻለ መለኪያ የለም፤ ከማን ተማረ፣ እነማንን አወጣ።

«ግን እኮ…»

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብን እናውቃለን።

የመጀመሪያው «አንቼሎቲስ? ጋርዲዮላስ? ዚዳንስ? ሁሉም ኮከቦች ነበሩ» የሚል ነው። እውነት ነው። መጫወት ትልቅ ስንቅ ነው፤ የመልበሻ ክፍልን ጠረን የሚያውቅ ሰው የተጫዋችን ፍርሃት ቶሎ ያነባል። ይሄን አንክድም። ግን አንቼሎቲን ማን አስተማረው? በሚላን አሰልጣኙ የነበረው ያ የጫማ ፋብሪካው ሰው ሳኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጣሊያን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስትደርስ ዋና አሰልጣኙ ሳኪ፣ ረዳቱ አንቼሎቲ ነበሩ። ኮከቡ ኮከብ ካልነበረው ሰው ተማረ። ታላቅነቱን ያገኘው በእግሩ ብቻ ሳይሆን ለመማር በመቀመጡም ነው።

አሰልጣኝነት ከእግር ውጪ ስንት ነገር እንዳለው ደግሞ እኛው ከደረሰብን በላይ ማስረጃ የለም። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ተጫዋች አሰልፈን ኖሮ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ወሰደብን። ለዓለም ዋንጫ በምንሮጥበት ዓመት! ያንን ስሕተት የሚከላከለው ጠንካራ ግራ እግር አይደለም። መዝገብ ነው፣ ደብተር ነው፣ ቆጥሮ የሚይዝ ባለሙያ ነው። የባንክ ሠራተኛ ቢሆንማ አይስታትም ነበር!

ሁለተኛው ተቃውሞ «ገንዘብ የለም» ነው። የምንጠይቀው ስታዲየም አይደለም። ካፍ የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ከታች ዲ ብሎ ጀምሮ በሲ፣ በቢ፣ በኤ እስከ ፕሮ ድረስ ከፋፍሎታል። የመጀመሪያው ኮርስ በየዞኑ፣ በአማርኛ፣ መምህራን እረፍት በሚሆኑበት ክረምት ቢሰጥስ? ለምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ አለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፣ ሜዳም አላት። የመርጡለ ማርያሙ መምህር ለአንድ ፈቃድ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ በራሱ ኪስ ከሚንገላታ፣ አስተማሪው አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ቢመጣ ይረክሳል። ለሠላሳ ሰው ኮርስ የሚወጣው ወጪ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ አጥቂ ለማስፈረም ከሚያወጣው አይበልጥም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለዚህ ምን ይሁን?

ፌዴሬሽኑና ክልሎች የታችኛውን እርከን ይሥሩ። ኮርስ ወደ ዞን ይውረድ፤ በኮርሱም የስፖርት መምህራንና ኳስ ያቆሙ ወጣቶች ቅድሚያ ያግኙ፤ ሴቶችም ከወዲሁ ወንበር ይያዝላቸው። ክለቦች ከታዳጊ ቡድን ተጫዋች ሲወስዱ መጀመሪያ ላሰለጠነው ሰው አንድ ነገር ይድረሰው፤ ገንዘብ ቢሆን መልካም፣ ቢያንስ ስሙ ይጻፍ።

ክለቦች ሆይ፣ እባካችሁ ጊዜ ስጡ። ኤምፖሊ በመጀመሪያው ወር ሳሪን ቢያባርር ኖሮ የምናወራው ስለማን ነበር? እኛ ጋ አሰልጣኝ የሚቀጠረው ልክ እንደ በዓል በግ ነው፤ ሲገባ ደስታ ነው፣ ዕለቱ ግን ተቆርጦለታል።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ወጣቶችም ድርሻ አለን። የስፖርት ገጽ ሁሉ የማንቸስተርን የልምምድ ሜዳ ወሬ ሲተረጉም ይውላል፤ የአንደኛ ሊጉን ውጤት ግን ፈልጎ ለማግኘት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳሪን ከሳንሶቪኖ ያወጣው ወሬው መድረሱ ነው። የሞጣን፣ የቢቸናን፣ የመርጡለ ማርያምን ወሬ የሚያደርስ ካልኖረ እዚያ ያለው ባለሙያ ለዓለም የለም ማለት ነው። አንድ ስልክና አንድ ደብተር የያዘ ልጅ ይሄን መሥራት ይችላል። ማንም አይከለክለውም።

እና እናንተ ውድ አንባቢያን፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ሲጠፋ (ይጠፋል፣ ታውቃላችሁ!) አጠገባችሁ ያለው ሰው ማኪያቶውን አስቀምጦ «ለመሆኑ እሱ ራሱ ተጫውቶ ያውቃል?» ሲላችሁ አትጣሉት። የየኔታን ጥያቄ ብቻ መልሱለት፤ «ከማን ተማረ? እነማንን አወጣ?» መልሱ መጥፎ ከሆነ አብራችሁት ተሳደቡ። ጥሩ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ጨምሩለት።

መርጡለ ማርያም ያለው መምህር ደግሞ ነገም ጠዋት ኳሱን ይነፋል። ማንም ባይጠይቀውም።

ቸር እንሰንብት።